አተላው እስኪረጋ

እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። አውቶቡስ እስኪሞላ መጠበቅ ያመኛል፤ ወረፋ ላይ ከቆምኩ ከፊቴ ያለውን ሰው ማጅራት በዓይኔ እበሳዋለሁ። እናቴ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ጠላ ስትጠምቅ የኖረች ሴት ናት፤ ጠላ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የሚሆን ሥራ አይደለም። ልጅ ሳለሁ ድፍድፉን ለማየት የጋኑን አፍ ስከፍት ትይዘኝና "ወጪልኝ ከዚህ! ሂጂ ደብተርሽን አንብቢ" ትለኝ ነበር። እኔም ደብተሬን አነበብኩ፤ መድኃኒት ቤት ተቀጠርኩ፤ ቀኑን ሙሉ ሽሮፕ እያነሣሁ "ከታች የዘቀጠ ካዩ ሳይነቀንቁ እንዳይጠጡ" ስል የምውል ሰው ሆንኩ። አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ጎንደር ውስጥ በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ በርሜል ታቅፌ ጠላ ጠማቂ እንደምሆን የነገረኝ ሰው ቢኖር በሳቅ እሞት ነበር።

ነገሩን ያመጣው የእናቴ ቀኝ እጅ ነው። ክረምት ላይ ስትሮክ መታት። እግዜር ይመስገን ነፍሷ ተረፈች፤ አንደበቷ ተመለሰ፤ እግሯንም እየጎተተች ትሄዳለች። ቀኝ እጇ ግን ቀረ። ጉልበቷ ላይ ካስቀመጡት እዚያው ይውላል። ብቻዋን መኖር ስላልቻለች ግቢ ካለው ቤቷ አውጥቼ ወደ እኔ አመጣኋት፤ ትልቁ ጋኗም መኪና ላይ ሲጫን ተሰነጠቀ። ሐኪሙ ለስላሳ የላስቲክ ኳስ ሰጣትና "ጠዋትና ማታ ይጭመቋት፤ እጅዎ ቀስ እያለ ይመለሳል" አላት። መጀመሪያ ላይ ጎበዝ ነበረች። ላብ በላብ እስክትሆን ትታገላት ነበር።

እናቴ በደብራችን የሰንበቴ አባል ናት። እሑድ ቅዳሴው ሲያልቅ አባላቱ በቅጥሩ ውስጥ ባለችው ሰንበቴ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ባለተራው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፤ ካህን ይባርካል፤ ደጅ ያሉት ነዳያንም አብረው ይቀምሳሉ። የእናቴ ተራ የደረሰ እሑድ ቀሪ አባል አይኖርም። ጠላዋ ጥርት ያለ ነው፤ ከብርጭቆው በስተጀርባ የያዘው ሰው ጣት ይታያል። "የእሷ ጠላ አተላ የለውም" ይሉ ነበር። አተላ የሌለው ጠላ የለም፤ የእናቴ አተላ ግን የማንም ሰው ብርጭቆ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ታዲያ ከሆስፒታል በወጣች በወሩ የሰንበቴው መሪ ሊጠይቋት መጡ። መሪውን ሙሴ ነው የምንላቸው። ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ክፋት አያውቁም። "እህቴ፣ አንቺ ብዙ አገልግለሻል። ከእንግዲህ ዕረፊ፤ ተራሽን እኛው እናወጣዋለን" አሏት። እሷም "እግዜር ይስጥልኝ" አለች። ሸኝቻቸው ስመለስ ኳሷ ከእጇ የለችም፤ አልጋው ሥር ወርውራታለች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዙራለች።

"ምነው እማዬ?" አልኳት።

"እጁ ለምን ሥራ ነው የሚመለሰው? ዕረፊ ተብዬ የለ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኳሷን አልነካችም። ቤተ ክርስቲያን መሄድም ተወች። ነገ እንዲህ እናደርጋለን፣ ለፋሲካ እንዲህ እናደርጋለን ስላት "ኤዲያ" ትለኛለች። ስትሮኩ ያልገደላትን እናቴን ያቺ የደግ ሰው ቃል ልትገድላት ነው። ንዴቴ ከልክ አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ተነሥቼ ሙሴው ቤት ሄድኩና "እናቴ ተራዬን ለማንም አልሰጥም ብላለች" አልኳቸው። ደነገጡ። "ጠላውስ?" ሲሉኝ "እሷው ናት የምትጠምቀው" አልኩ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ እናቴን "ሙሴው ጠላሽን እየጠበቁ ነው፤ ሰንበቴው ሁሉ ሰምቷል" አልኳት። በአንድ ቀን ሁለት ውሸት፣ ያውም በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ።

"አብደሻል?" አለችኝ።

"አብጃለሁ።"

ተራዋ ሊደርስ ሁለት ወር ያህል ቀርቷል። እውነቱን ልናገርና ያን ጊዜ ፈርቼ ነበር። ጠላው ካማረ እናቴ ወደ ሰው ትመለሳለች። ደፍርሶ ከቀረበ ግን፣ ሁሉም ብርጭቆውን ዓይቶ አንገቱን ይደፋላታል፤ ያን ካየች ደግሞ ከዚያ አልጋ የሚያስነሣት ነገር አላገኝም።

አምባ ጊዮርጊስ ያለው ታላቅ ወንድሟ ብቅልና ጌሾ በአውቶቡስ ላከልን። እናቴ አልጋ ላይ ሆና በግማሽ ልብ የምትነግረኝን እየሰማሁ በፕላስቲክ በርሜል ጠመቅሁ። ጋን ሦስተኛ ፎቅ አይወጣም፤ ቢወጣም ወደ ቤተ ክርስቲያን በባጃጅ አይሄድም። ስለዚህ በጠርሙስ ልናደርገው ተስማማን። ተስማማን ስል፣ እኔ ወሰንኩ፣ እሷ ዝም አለች ማለቴ ነው።

የመጀመሪያው ጠላ መጨረሻው ጣሪያ ላይ ሆነ። ገና እየፈላ ሳለ በፕላስቲክ የውሃ ጠርሙስ ሞልቼ ክዳኑን አጥብቄ ዘጋሁትና ሥራ ሄድኩ። ቀትር ላይ ጎረቤቴ ደወለችና "ቤትሽ ውስጥ ሲሊንደር ፈነዳ መሰለኝ" አለችኝ። እየሮጥኩ ብመጣ ጠርሙሶቹ ሆዳቸው ተነፍቶ ቆመዋል፤ ሁለቱ ፈንድተው ግድግዳውም ጣሪያውም አተላ ለብሷል፤ እናቴም ግንባሯ ላይ የጌሾ ፍልጥ ተለጥፎባት ጋደም ብላለች።

"ሥራውን ሳይጨርስ አፉን ከዘጋሽበት ምን ያድርግ?" አለችኝ፤ ፍልጡን እንኳ ሳታነሣው።

ሁለተኛውን ጠላ አተላ የሚባል ነገር እንዳላይበት ብዬ አጠለልኩት፤ በወንፊት፣ ከዚያ በሻሽ፣ ከዚያ ሻሹን አጥፌ በድርብ፣ ከዚያ እንደገና። ጥርት ሲል ጊዜ ደስታዬን አልቻልኩትም። ሦስት ቀን ቆይቼ አንድ ብርጭቆ ወሰድኩላት። ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። ከዕቃ ዕቃ ሲገላበጥ ነፋስ በዝቶበት ሆምጥጧል።

"ለሰላጣ ሸጋ ነው" አለችኝ።

እንባዬ መጣ። ብርጭቆውን ማጠቢያው ላይ ወርውሬ "በቃ! ለሙሴው ዋሽቻለሁ ብዬ እነግራቸዋለሁ! ይሄ ርኩስ አተላ አሸነፈኝ!" ብዬ ጮህኩ። መልስ አልጠበቅሁም። ግን ከኋላዬ የእግር ጉተታ ሰማሁ። እናቴ ግድግዳውን በግራ እጇ ይዛ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ወደ ወጥ ቤት ስትመጣ ያ የመጀመሪያዋ ነው።

"አተላውን ምነው ጠላት አደረግሽው? ጠላውን የሠራው እሱ አይደል? ጊዜ ስጪው፤ ራሱ ወርዶ ይተኛል። የአንቺ ሥራ ከእንቅልፉ አለመቀስቀስ ብቻ ነው" አለችኝ። ከዚያ ወንበር ሳብኩላት፤ ተቀመጠች፤ ሦስተኛውን ጠላ ከሥሩ ጀምራ አስጠመቀችኝ።

ሊደርስ ሲል ጆሮዋን በርሜሉ ላይ ለጥፋ መፍላቱን ታዳምጥ ነበር። "ገና ያወራል" ትለኛለች። በነጋታው ትመጣለች፤ "አሁንም ያወራል።" በስንተኛው ቀን እንደሆነ እንጃ፣ "ዝም አለ፤ አሁን ቅጂ" አለችኝ። ከየሆቴሉ የለቀምኳቸውን ነጫጭ የመስታወት ጠርሙሶች በፈላ ውሃ አጥቤ ሠላሳ ሞላሁ። ቀዝቃዛው ወለል ላይ ቀጥ አድርገን አቆምናቸው። በሳምንቱ ከላይ የጠራ ጠላ፣ ከታች ደግሞ ሁለት ጣት ያህል አተላ ሆኖ ተለየ። አቀዳዱንም አሳየችኝ፦ ጠርሙሱን ቀስ ብለሽ ታዘነብያለሽ፤ አንዴ ካዘነበልሽ አትመልሺ፤ አተላው አንገቱ ጋ ሲደርስ ታቆሚያለሽ። ከመለስሽው ሁሉም ይነሣል።

ቀሪው ጭንቄ ባጃጁ ነበር። በኮብልስቶን ላይ ሠላሳ ጠርሙስ ሲንገጫገጭ አተላው እንደሚነሣ ገብቶኛል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ወሰድኳቸው። ዘበኛው ሰንበቴ ቤቱን ከፈተልኝ፤ መደርደሪያው ላይ ደረደርኳቸው፤ እስከ እሑድ ተኝተው ያድራሉ ብዬ እፎይ እያልኩ ወጣሁ። በሕይወቴ የኮራሁበት ቀን ቢኖር ያ ነው።

እሑድ ገና ሲነጋጋ እናቴን አልብሼ አመጣኋት። ቅዳሴው ሊገባ ነው። እሷን ዛፉ ሥር አስቀምጬ ጠርሙሶቼን አንዴ ልያቸው ብዬ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ወደ ውስጥ ብገባ፣ በቅጥሩ ውስጥ የሚኖሩት መነኩሲት እማሆይ አንዱን ጠርሙስ በሁለት እጃቸው አንገቱን ይዘው "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" እያሉ ሦስት ጊዜ ነቀነቁና መደርደሪያው ላይ መልሰው አስቀመጡት። የመጨረሻው ጠርሙስ ነበር። ሌሎቹ ሃያ ዘጠኙ ደፍርሰው ጭቃ መስለው ቆመዋል።

"እማሆይ!" አልኩ፤ ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም። "ምን እያደረጉ ነው?"

"መጣሽ ልጄ? ማን ይሆን ይሄን ሁሉ ጠበል ያመጣው? እምነቱ እኮ ታች ተኝቷል። በሽተኞቹ ሲጠጡ ለሁሉም እንዲደርስ ብዬ በጠበጥኩት" አሉኝ። ደጀ ሰላሙ አካባቢ ጠበል የሚጠጡ ሕመምተኞች አሉ፤ እምነት የሚባለውን የተባረከ አመድ ጠበሉ ውስጥ ይጨምሩበታል፤ ሲዘቅጥ በጥብጦ መጠጣት ወግ ነው። የእማሆይ ዓይን ደግሞ ደከም ብሏል።

"ጠላ ነው! የእናቴ ጠላ ነው እማሆይ!"

"ጠላ? በጠርሙስ?" አሉና በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ግን "ደግሞስ አንቺው አይደለሽ? ለሳሌ መድኃኒት የሰጠሽኝ ጊዜ 'ከታች የዘቀጠ ካዩ ይነቅንቁት' ብለሽኝ የለ?" አሉ።

ብዬአለሁ። ለሳቸው ብቻ ሳይሆን ለግማሹ ጎንደር ብዬአለሁ።

እያለቀስኩ ወደ እናቴ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሄጄ ከሆነ ቤት የተጣራ ጠላ ገዝቼ ልምጣ፣ ማንም አያውቅም አልኳት። ከዚያ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ የሚያማት መስሎኝ ጎንበስ ብል እየሳቀች ነው። ከታመመች ወዲህ ሳቋን አልሰማሁም ነበር።

"ሠላሳውንም?" አለችኝ።

"ሠላሳውንም!"

"በስመ አብ እያሉ?"

"በስመ አብ እያሉ።"

"ወይ ጉድ! በይ አንሺኝ። ቅዳሴው የሚወጣው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ጊዜ አለን። ገዝቼ ልምጣ የሚል ነገር ሁለተኛ ከአፍሽ እንዳይወጣ።"

ሰንበቴ ቤቱ ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠችና ማዘዝ ጀመረች። ከመደርደሪያው አውርጃቸው፤ ከተነሣ አይቀር አሁን ነው የሚነካው። ከድንጋዩ ወለል ላይ አቁሚያቸው። ጆንያ አምጪ። ውሃ ንከሪው። ዙሪያቸውን አልብሻቸው፤ ብርድ ሲነካው ቶሎ ይተኛል። በግራ እጇ እያመለከተች፣ "ወዲህ አይደለም፣ ወዲያ!" እያለች ስትቆጣኝ ልጅነቴ መጣብኝ። እማሆይም እንደ ንስሐ ቆጥረውት በሩ ላይ ተቀምጠው የመጣውን ሁሉ "አይገባም! ጠላ ተኝቷል!" እያሉ መለሱ።

"አሁን ማንም አይንካቸው፤ በተለይ አንቺ" አለችኝ እናቴ።

ተቀመጥኩ። ያን ያህል ሰዓት እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። የቅዳሴው ዜማ ከቤተ መቅደሱ ይሰማናል። በየደቂቃው ጆንያውን ገለጥ ላደርግ ስል "ተይ!" ትለኛለች። ወንጌል ሲነበብ ተነሥተን ቆምን፤ ያኔ አንዱን ጠርሙስ በስርቆት አየሁት። ከአንገቱ በታች ቀጭን የጠራ መስመር ወጥቷል። ቁርባን ሊሆን ሲል መስመሩ እስከ መሐል ወረደ። ቅዳሴው ሲወጣ አተላው ተኝቷል፤ ግን እንቅልፉ ገና ነው። ያን ጊዜ በደንብ ያልያዘው እጅ ሁሉንም ያበላሸዋል።

ሰዉ እየገባ መቀመጥ ጀመረ። ካህኑም ሙሴውም መጡ። አንዱን ጠርሙስ አንሥቼ ወደ ጆግ አዘነበልኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል። ግማሽ ላይ ሲደርስ ፈራሁና መለስ አደረግሁት፤ ጉልክ ጉልክ አለ፤ አተላው እንደ ጭስ ተነሣና ጆጉ ደፈረሰ። ፊት የተቀመጡት ሴቶች አዩ። አንዷ ዓይኗን ዝቅ አደረገች። የፈራሁት አንገት መድፋት ይሄ ነው።

"ወዲህ አምጪው" አለችኝ እናቴ።

"እማዬ፣ እጅሽ..."

"አምጪው አልኩሽ!"

አዲስ ጠርሙስ ሰጠኋት። ቀኝ እጇ እንደ ወትሮው ጉልበቷ ላይ ተቀምጧል። የጠርሙሱን አንገት በዚያ እጇ አንጓ ላይ አስደገፈች፤ በግራ እጇ ቂጡን ይዛ ቀስ እያለች ከፍ ከፍ ታደርገው ጀመር። እኔ ከሥር ሌላ ንጹሕ ጆግ ያዝኩላት። ቀኝ እጇ አይንቀጠቀጥም። አይንቀሳቀስም እኮ! የጠራ ጠላ እንደ ክር ሳይቆራረጥ ወረደ፤ አተላው ከኋላ ከኋላው ተከተለ፤ አንገቱ ጋ ሲደርስ ቀጥ አደረገችው። ሁለት ጣት አተላ ቀረ። ጆጉ ውስጥ ከሥሩ የተሳለው አበባ ይታያል።

"ሌላ" አለች።

አንድ በአንድ አቀብላት ጀመር። ከአምስተኛው በኋላ ሰው ሁሉ እሷን ያያል። እሷ ማንንም አላየችም።

በአገራችን የቀዳ ሰው ሌላው ከመጠጣቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ያ ሰዓት ሲደርስ የራሴን መዳፍ ዘረጋሁላት፤ በክንዷ ገፋችኝ። ከጆጉ ትንሽ ወደ ቀኝ መዳፏ ጠብ አደረገች። ጣቶቿ ከሕመሙ ወዲህ ወደ ውስጥ ስለታጠፉ ጠላው አልፈሰሰም፤ እንደ ትንሽ ዋንጫ ያዘላት። እጇን ወደ አፏ ማምጣት ስላልቻለች አፏን ወደ እጇ ወሰደች። ጎንበስ ብላ ቀመሰች፤ ቀና ስትል "ደርሷል፤ ጠጡ" አለች።

ካህኑ ባረኩ። ሙሴው ብርጭቆአቸውን በበሩ ብርሃን ላይ አንሥተው አዩት፤ ጠጡ፤ እንደገና አዩት። "እሰይ! እጅሽ አልተለወጠም" አሏት። ከዚያ ወደ እሷ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ያን ጊዜ ዕረፊ ያልኩሽ አስቀይሜሽ እንደሁ ይቅር በይኝ" አሏት።

"ይቅር ለእግዜር፣ አያ" አለች።

"ለከርሞ ተራሽን በዚያው በቦታው ልጻፈው?"

"ይሄም ይጠየቃል? ይጻፉት እንጂ!"

አጠገቧ ሆኜ ሰማሁ። ለከርሞ ይጻፉት አለች፤ ነገ ስላት ኤዲያ ትለኝ የነበረችው ሴት። ከዚያ ወደ በሩ ዞራ "እማሆይ! ከታች የቀረው የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ነቅንቀው ይጠጡት" ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ እማሆይም አብረው ሳቁ።

ቤት ስንገባ ሦስቱን ፎቅ እያረፈች ወጣች። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ከሰበሰበች በኋላ "ኳሷ የት ናት?" አለችኝ።

"የወረወርሻት ቦታ ናታ፤ አልጋው ሥር።"

"ታዲያ ምን ታይኛለሽ? አውጪልኛ። ከርሞ ጠርሙሱን የማነሣው በቀኝ እጄ ነው።"

በደረቴ ተሳብኩና አወጣኋት፤ አቧራ ለብሳለች። አጥቤ መዳፏ ውስጥ አስቀመጥኩላት። ዓይኗን ጨፍና ታገለቻት። ጎንበስ ብዬ ጣቶቿን አየሁ።

"አየሽ? ተንቀሳቀሰች" አለችኝ።

"ኧረ ምንም አላየሁም እማዬ።"

"አንቺ ደግሞ መቸኮል ነው! ትንሽ ጠብቂ።"

ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና ጠበቅሁ።